ግማሹን ጣና ላይ

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ ስንነሣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ከሻንጣውና ከማዳበሪያው መሐል፣ የእኔና የፋርማሲስቷ ብስክሌቶች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እንደ በሽተኛ ተጋድመዋል። ረዳቱ ገለጥ አድርጎ አየና «ሳይክል ከሆነማ ለምን ነድታችሁት አትሄዱም?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ጣሪያው ላይ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ ላይ ከአገር ውጭ ሙሉ ርቀት ትራያትሎን ልወዳደር ተመዝግቤአለሁ፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በ17 ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በፊት ግማሹን፣ ማለትም 1.9፣ 90 እና 21.1 ኪሎ ሜትሩን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሠርቼ ማየት አለብኝ። ገንዳ ውስጥ ዋኝቻለሁ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ነድቻለሁ፣ ጃን ሜዳ ሮጫለሁ። ሦስቱን በአንድ ጠዋት አስከትዬ ግን አላውቅም። ባሕር ዳር ያለ የስፖርት መምህር ወዳጃችን «ኑ፤ ሐይቁ አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ ታንኳውን እኔ አዘጋጃለሁ» አለን። ተወዳዳሪዎቹ አራት ነን፦ እኔ፣ ፋርማሲስቷ፣ መምህሩና የ19 ዓመት ተማሪው። የመነሻ ሽጉጥ የለም፣ ሜዳሊያ የለም። ቢሆንም አራት ሰው ከአንድ መስመር ከተነሣ ውድድር ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ ርቀት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ሃዋይ ላይ የጀመሩትም 15 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ 12ቱ ጨረሱ። ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ጠንካራው የቱ ነው በሚል ክርክር የተነሣ ነገር ነው። የእኛ ክርክር ከዚያ ያንሳል፤ መንገዱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው እሑድ ጠዋት ምን እንብላ በሚለው ነው። እሷ ድንች አለች፤ እኔ በሶ።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ወንበራችን ድረስ መጣ። ድሮ እዚህ ጋ የማየው ገደሉን ነበር፤ አሁን የማየው የመንገዱን ቁልቁለት ሆነ፤ ይሄ በስንት ማርሽ ይወጣል እያልኩ። ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈን ባሕር ዳር ስንገባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። ብስክሌቶቹ ወረዱ። የፋርማሲስቷ ደኅና ነው። የእኔ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከጎማው ሽቦ ጋር ሊገናኝ የቀረው የጣት ውፍረት ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ይቀለኛል።

ዓርብ፣ ጥር 17

ብስክሌት ሊሰበርበት ለፈለገ ሰው ባሕር ዳር ጥሩ ከተማ ናት። ሜዳ ስለሆነች ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ እናት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ፣ ሁሉም ይነዳል፤ በየማዕዘኑም የሚጠግን አለ። መምህሩ የወሰደኝ ከዘንባባዎቹ ጥላ ሥር አንድ ሣጥን፣ አንድ ፖምፓና አንድ የውኃ ሳፋ ይዘው የሚሠሩ ሰው ጋ ነው። ብስክሌቴን ገልብጠው አቆሙና አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ከኋላ አዩት። እኔ ስለ ልዩ መሣሪያና ስለ መለኪያ ላወራ አፌን ስከፍት ኪያቬውን አስገብተው ቀስ አድርገው ሳቡት። እንደገና አዩ። እንደገና ትንሽ ሳቡ። «ይቺ ብረት ለስላሳ ናት» አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ «ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሯት። እሷ ታጥፋ ዋናውን እንድታተርፍ።» ፔዳሉን በእጃቸው አሽከረከሩት፤ ሰንሰለቱ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ያለ ድምፅ ተሻገረ። የጠየቁኝ ገንዘብ አዲስ አበባ ለአንድ ማኪያቶ የምከፍለው ነው። ጨምሬ ስሰጣቸው ትርፉን መለሱልኝ።

ምሳ ሰዓት ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው የዘወትር ጭቅጭቅ ተነሣ። ሁለታችን በላን፣ ሁለቱ ሽሮ አዘዙ። ከሰዓት በኋላ ቀስ ብለን 20 ኪሎ ሜትር ነድተን ገባን። ሌላ ምንም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ከዋዜማው ሌሊት ይልቅ የዚያ የፊተኛው ሌሊት እንቅልፍ ነው የሚጠቅመው የሚሉትን ስለማምን፣ ትናንት ማታ በ2 ሰዓት ተኝቼ ነበር። ያልቆጠርኩት ጥር 18 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝርወተ ዐጽም፣ ሕዝቡ ሰባር ጊዮርጊስ የሚለው በዓል መሆኑን ነው። ያረፍንበት ቤት ደግሞ ከሐይቁ ዳር ጊዮርጊስ ብዙ አይርቅም። እኩለ ሌሊት ላይ ከበሮው ተነሣ፤ እኔም አብሬው ተነሣሁ። ፋርማሲስቷ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ ከእኔ የተሻለ ያረፈ ሰው ፊት ነበር።

ከቁርስ በኋላ የዋናውን መስመር ልንዘረጋ ወረድን። ለምልክት የሚሆን ነገር የለንም። ሐይቁ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት ሴት አራት ቢጫ ጀሪካን አዋሱን። «አራት ነው የሰጠሁ» አሉ ጣታቸውን እየቆጠሩ፤ «አራት ይመለስልኝ።» በየጀሪካኑ እጀታ ገመድ አሰርን፤ በገመዱ ጫፍ ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያ። ታንኳውን የሚቀዝፉት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ከዛፍ ተደግፎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ የእሳቸውም ቆሞ ነበር፤ ሁለት ሆነን ተሸክመን አወረድነው። እኔ ሰዓቴን እያየሁ «ጋሼ፣ ትንሽ ወደዚያ፣ አሁን ትንሽ ወደዚህ» እያልኩ አንድ ዙሩ 475 ሜትር የሆነ መስመር አወጣን፤ አራት ዙር 1.9 ኪሎ ሜትር። ዝም ብለው ሲቀዝፉ ቆዩና፦

«ዓሣ ምታጠምዱ መስሎኝ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ልንዋኝ ነው።»

«ወዴት?»

«በዚሁ ዙሪያ።»

መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ትተው አዩኝ። ከዚያ ሌላ አልጠየቁም፤ ምክር ብቻ ጨመሩ። ጉማሬው ያለው ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ነው፤ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ጠዋት ወደ ውኃ ሲመለስ መንገዱን አለመዝጋት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ሐይቁ ይቆጣል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ መግባት።

የፋርማሲስቷ ምክር ስለ ሌላ አውሬ ነበር። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ያለን ሰው በቆዳው በኩል ይገባል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የሚወደው ዳር ያለውን ሣርና የተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ በእግር እየተራመድን አንገባም፤ ታንኳው ከሣሩ አሳልፎ ያወርደናል፣ እንደወጣን ወዲያው በፎጣ። እንዲያም ሆኖ ፎጣ ዋስትና አይደለም፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ምርመራ፣ ከተገኘብን ፕራዚኳንቴል። «ለሕመምተኛ እንደምነግረው ነው የምነግርህ» አለች። ስለ እምቦጩ ደግሞ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው፤ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ያስጨነቀው አረም ወደዚህ ወደ እኛ መስመር አልደረሰም። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያለፈ ውኃ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ያጽናናኛል ብዬ ነበር። ለሚሰምጥ ሰው ሦስትም ይበቃል።

ማታ በሶውን በማርና በትንሽ ጨው በጥብጬ ሁለት የብስክሌት ጠርሙስ ሞላሁ። ፋርማሲስቷ ትንንሽ ድንች ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳ፣ በፌስታል ቋጠረች። እኔ ሳቅሁባት።

እሑድ፣ ጥር 19

12 ሰዓት ከ45። ፀሐይ ልትወጣ ነው፤ ውኃው እንደ ዘይት ረግቷል። ሁለት ሻላዎች ከታንኳው አጠገብ ተንሳፈው ያዩናል። መምህሩ «በሉ» አለ፤ ያ ነበር መነሻው።

መጀመሪያ የገረመኝ ጨለማው ነው። ገንዳ ውስጥ ከሥር ጥቁር መስመር አለ፤ እሱን ተከትለህ ትሄዳለህ። ጣና ውስጥ ፊቴን ስደፋ ቡናማ ብቻ ነው፤ ክንዴን ዘርግቼ የገዛ ጣቶቼን አላያቸውም። ለ200 ሜትር ያህል ትንፋሼ አልያዝ አለ። የከፍታው ነገር አይደለም፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ እኔ የምኖረው 2,400 ላይ ነው። ፍርሃት ነው። ሽማግሌው ከጎኔ ሲቀዝፉ ውኃው ታንኳውን ጥፍ ጥፍ ሲያደርገው ይሰማኛል፤ ያን ድምፅ እየቆጠርኩ ክንዴን አብሬ ስወረውር ቀስ በቀስ ረጋሁ።

ወደ ምሥራቅ ስንዞር ፀሐይ ፊት ለፊት መጣች። ቀና ስል የማየው ብርሃን ብቻ፤ ጀሪካን የለም። በግምት ሄድኩ። በሦስተኛው ዙር ሦስተኛው ጀሪካን የነበረበት ጋ አልነበረም። ሌላ አሥራ አምስት ክንድ ዋኘሁ፤ አሁንም ወደፊት ነው። ሌላ አሥራ አምስት። ጀሪካኑ እንደ እኔው ይዋኛል! ገመዱ ተፈትቶ ድንጋዩን ታች ትቶ ቀስ እያለ ወደ ዓባይ መውጫ እየነጎደ ነው፤ እኔም ተከትዬው። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ከፊቴ ባያጋድሙ ኖሮ ከጉማሬው ጋር ነበር የምገናኘው። «ተወው፣ ተወው! እሱ ሱዳን ነው ሚሄድ!» አሉ። 1.9 ኪሎ ሜትሩ በእኔ ሰዓት 2.15 ሆነ፤ 51 ደቂቃ። ስወጣ ፋርማሲስቷ ብስክሌቷ ላይ ሆና ድንች ታኝካለች።

ልብስ ለመቀየር 7 ደቂቃ ፈጀሁ። ሰባት! እርጥብ እግር ላይ ካልሲ ማጥለቅ ያን ያህል ሥራ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

መንገዱ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ነው፤ መሸንቲን፣ መርዓዊን አልፎ 45 ኪሎ ሜትር ደርሶ መመለስ። ወደ መርዓዊ እየተጠጋህ ስትሄድ ሳይታወቅህ ዳገት ነው። የዛሬው ትምህርቴ አንድ ብቻ እንዲሆን ወስኜ ነበር፦ በዝግታ መንዳት። ሰኔ ላይ 180 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማራቶን ለሚሮጥ ሰው ብስክሌት ላይ መፍጠን ከሩጫው መበደር ነው። ስለዚህ የልብ ምቴን በደቂቃ ከ140 አላሳልፍም ብዬ ማልኩ።

መሐላው የቆየው ከመሸንቲ ትንሽ እልፍ እስክል ነው። አንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ፣ ማርሽ በሌለው ፊኒክስ፣ በኮንጎ ጫማ፣ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልሎ ከኋላ አስሮ፣ መጣና ጎኔ ሆነ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ። ወዴት ነው?»

«መርዓዊን አልፌ ልመለስ ነው።»

«ሰው ሊጠይቁ?»

«የለም። ደርሼ ልመለስ።»

ትንሽ አሰበበት። «ደርሰው ሊመለሱ?» አለና እሱ ሰርግ እንደሚሄድ፣ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ መድረስ እንዳለበት ነግሮኝ፣ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ዳገቱን ትቶኝ ሄደ። በዚያ በድፎ ዳቦው ጀርባ ላይ የሆነ ነገር ነበር። ሰዓቴ 165 እስኪል ተከተልኩት። ደረስኩበት፤ አለፍኩት፤ እንደገና አለፈኝ። እየሳቀ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ሆንን። ወደ አንድ የገጠር መንገድ ሲታጠፍ እጁን አውለበለበ፤ እኔ ሳምባዬን ልተፋው ደርሻለሁ። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ ሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ብድርና ወለድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

መርዓዊ ዙሪያ የቆጋ መስኖ አለ፤ በዚህ በበጋ አገሩ ሁሉ ገለባ ሲሆን እዚያ ስንዴውና ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው። ቀና ብዬ ለማየት የቻልኩት ትንሽ ነው። መብላት ነበረብኝ። ጠርሙሱን አነሣሁ፤ ጨመቅሁ፤ ምንም። በሶው አድሮ ወፍሮ የጠርሙሱን አፍ ደፍኖታል። በጥርሴ ይዤ በደንብ ስጨምቅ ክዳኑ ተፈናጥሮ ግማሹ በሶ ፊቴና መነጽሬ ላይ አረፈ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ሁለተኛውም ጠርሙስ እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የበላሁት ከጢሜ ላይ ያገኘሁትን ነው ማለት ይቻላል። በሰዓት 60 ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ምግብ መውሰድ ያለበት ሰው 90 ኪሎ ሜትር በውኃ ብቻ ሄደ።

ስመለስ ቁልቁለቱ ይስበኛል ብዬ ነበር። መሬቱ ሲሞቅ ግን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ እኔ ደግሞ የምሄደው ወደ ሐይቁ ነው። በዚያ ላይ ጥር ነው፤ የሰርግ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ አበባ ያሰረ ሚኒባስ፣ ከኋላው የጭነት አይሱዙ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ። ለሙሽሮቹ የሚጮኸው «እንኳን ደስ አላችሁ» ሁለት ጊዜ እኔንም ደረሰኝ። 3 ሰዓት ከ31 ደቂቃ።

ሩጫው ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ አቅጣጫ ደርሶ የሚመለስ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ዙር፣ በመጨረሻም መምህሩ በኖራ ያሰመራት 100 ሜትር። የጀመርኩት ቀትር ሊሆን ሲል ነው። የመጀመሪያው ዙር ተሮጠ። በሁለተኛው እግሬ የሰው እግር ሆነ፤ አዝዘዋለሁ፣ ይሰማል፣ አይመጣም። ጥላው ሁሉ በሙሽራ ተይዟል፤ ባሕር ዳር ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው ሐይቁ ዳር ነው። በሚዜዎች መሐል፣ በቬሎ ጫፍ ላይ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልኩ አለፍኩ። አንዱ ፎቶ አንሺ «ጋሼ ከካሜራው ዞር!» አለኝ። በየአንዳንዱ ዙር። በሦስተኛው ዙር እሱም ተስፋ ቆርጦ አነሣኝ መሰለኝ፤ የሆነ ቤት አልበም ውስጥ በሶ የተቀባ ሰው ከሙሽሮቹ ጀርባ አለ።

12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፋርማሲስቷ ደረበችኝ፤ ከእኔ አንድ ዙር ቀድማ ነበር። ሳትቆም ከፌስታሏ አንድ ድንች አውጥታ እጄ ላይ አኖረች። ቀዝቅዟል፣ ጨዋማ ነው፣ ላብ ላብ ይላል። ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ዓለም ትንሽ ወደ ቀለሟ ተመለሰች፤ መራመዴን ትቼ እንደገና ሮጥኩ። ከዛፉ ሥር ከአንድ ሰርግ ኮካ ሰጡኝ፤ እሱንም ጠጣሁ።

ዋርካው ሥር ስደርስ 8 ሰዓት ሊሆን 7 ደቂቃ ይቀረው ነበር። ሩጫው 2 ሰዓት ከ34፤ ልብስና ጫማ ስቀይር ያለፈው ተጨምሮ በድምሩ 7 ሰዓት ከ8 ደቂቃ። ተማሪው ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ ምሳ በልቶ ተኝቷል። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ማታ በማስታወሻ ደብተሬ ሒሳቡን ሠራሁ። ግማሹን በሁለት አባዛና አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ጨምርበት ይላሉ የለመዱት። 14 ሰዓት ከ16 ይሆናል፤ ሁለት ሲጨመር 16 ሰዓት ከ16። ከ17ቱ የሚተርፈኝ 44 ደቂቃ ነው፤ ያም ፊኒክስ የሚነዳ ልጅ ካላጋጠመኝ። ከሥሩ «ድንች» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሰኞ፣ ጥር 20

ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ ዞሬ ነው። ዘጌ ሄደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ልንሳለም ነበር ዕቅዱ፤ ከጀልባ መውረጃው ጀምሮ ያለውን ዳገት ስናስበው ለሌላ ጊዜ ተባባልን።

በምትኩ ጀሪካን ለመመለስ ወረድን። ሦስት ይዘን። አዲስ እንግዛልዎት ብለን እናትየዋን ስናባብል ታንኳው ከሩቅ መጣ። ሽማግሌው ጎሕ ሲቀድ መረባቸውን ሊያነሡ ሄደው፣ ዓባይ መውጫው አካባቢ ደንገሉ መሐል ተሰክቶ አግኝተውታል፤ ሱዳን አልደረሰም። ቢጫው በጭቃ ቡናማ ሆኗል፤ አንድ ጎኑ ገባ ብሏል። እናትየዋ ተቀብለው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ ገልብጠው አዩ፣ ከሦስቱ ጎን አስቀመጡት። ቡና ቀዱልን።

«ለመሆኑ ይሄ ልምምድ ነው አላችሁ አይደል» አሉ። «ዋናው ስንት ነው?»

«እጥፍ ነው፣ እትዬ።»

ሲኒውን ሊሰጡኝ የዘረጉት እጅ ቆመ። «እኔ እንግዲህ ስምንት ጀሪካን የለኝም።»